የሞጆ አፈር በባልባላ ድንጋይ ላይ

ሥራዬን በ2009 ዓ.ም. ሳቆም ሰዎች «ጅቡቲ ምን ትሠሪ ነበር?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። «አትክልተኛ ነበርኩ» ስል ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ጎመን ሳጠጣ የኖርኩ ይመስላቸዋል። ስለዚህ መልሴን ቀየርኩት። «ዛፍ አበቅል ነበር» እላለሁ። ይሄን ጊዜ ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው ዓይኑ ይፈጣል! በዚያ ሙቀት? በዚያ ጨው? በዚያ ድንጋይ ላይ? አዎን፣ እዚያው ላይ! እኔ ስለ ዛፍና ስለ አፈር ማውራት ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም፤ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ።

የሞጆ ልጅ ነኝ፤ አስካለ እባላለሁ። ወደ ጅቡቲ የወረድኩት በ1990 ዓ.ም. በቤት ሠራተኝነት ነው። ራስ ዲካ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ተቀጠርኩ። ማዳም ደግ ሰው ነበረች፤ ደመወዜን ቀን አታሳልፍም፣ የመኖሪያ ወረቀቴንም ራሷ ተሰልፋ ታሳድስልኝ ነበር። ግቢዋ ውስጥ አንድ የድሬዳዋ ዛፍ ቆሟል፤ ያ በቀይ አበባው የምታውቁት። የማዳም ዛፍ ግን የቅጠሉ ዳር ሁልጊዜ እሳት የነካው ይመስላል። ወቅትም አያውቅም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ቅጠሉን ያራግፋል። ማዳም «አብዷል» ትል ነበር። እኔ ደግሞ የታመመ ነገር አጠገቤ ካለ ልቤ አያርፍም።

ለማዳም የሸክላ አበባዎች የሚያመጡላት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አሚ ሳላህ ይባላሉ። አባታቸው ከየመን ተሻግረው አምቡሊ ወንዝ ዳር አትክልት ያለሙ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም እዚያው ተወልደው እዚያው ችግኝ ያፈላሉ። አማርኛውን ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው የተማሩት፤ ስለዚህ ሲናደዱ የሚሉት ለጽሑፍ አይመችም። አንድ ቀን መጥተው በረንዳው ላይ አበባ ሳጠጣ አገኙኝ። አንዱን ሸክላ ውሃው በታች በኩል ግልብጥ ብሎ እስኪወጣ አጠጣዋለሁ፤ ደግሞ እደግመዋለሁ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ልብስ ሳሙና ሲይዝ ደጋግሜ አለቀልቀው የለም? ይሄ አፈር ደግሞ ጨው ይዟል። እያለቀለቅኩት ነው።»

የያዙትን ችግኝ መሬት አስቀምጠው ሳቁ። «ወላሂ፣ እኔ ይሄን ለደንበኞቼ ሁሉ ስናገር ኖሬ የገባው የለም። ሁሉም በጭልፋ ነው የሚያጠጣው!» ማዳም ወደ አገሯ ስትመለስ አሚ ሳላህ መጡና «ልብስ አጣቢዋ ነይ፣ አፈር እጠቢ» አሉኝ። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ አምቡሊ ገባሁ።

አምቡሊ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። አንድ ቀን ሰማይ ሲያብድ ግን ከተራራው ደለል ጠርጎ ያመጣል፤ ያ ደለል ነው ሀብቱ። አሸዋማ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ከታችም ሁልጊዜ እርጥበት አያጣም። ከዚያ ወደ ራስ ዲካ ብትሄዱ ከእግራችሁ በታች የዛጎል ስባሪ ነው፤ ትንሽ ስትቆፍሩ የባሕር ውሃ ብቅ ይላል። ወደ ባልባላ ብትወጡ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ብቻ! አፈር ከተባለ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀው ነው። በአንዲት ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት አለ ብሎ ማን ይገምታል?

አሚ ሳላህ ጉድጓዱን ሳያዩ ችግኝ አይሸጡም። ደንበኛው ይቸኩላል፤ እሳቸው ግን ጉድጓዱ ከንፈር ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ይቀመጡና ከኪሳቸው ዳቦ አውጥተው ይበላሉ። «ከጉድጓድ ጋር ምሳ ያልበላ ሰው ዛፍ አይትከል» ይላሉ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ቦሎቄ ይዘራሉ። አዎን፣ ቦሎቄ! ቦሎቄ ጨው አይችልም። አፈሩ ጨው ካለው ገና ሁለተኛ ቅጠሉን ሳያወጣ ዳሩ ይጠወልጋል። «ቦሎቄ ሐሜተኛ ነው» ይሉኝ ነበር፤ «አፈሩ በሆዱ የያዘውን ሁሉ አውጥቶ ይነግርሻል።» ቦሎቄው አምሮበት ከወጣ ዛፉ ይተከላል፤ ካልወጣ የደንበኛውን ገንዘብ ይመልሳሉ። በዚህ ጠባያቸው ብዙ ገበያ ሸሽቷቸዋል፤ ስማቸው ግን ከአምቡሊ እስከ ወደቡ የታመነ ነበር። «አሚ ሳላህ ተክሎታል» ከተባለ ነገሩ አለቀ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ደስታው ያስፈነድቀኛል። ከአንድ የድሬዳዋ ዛፍ፣ ከአንድ ቆባ ፍሬ ችግኝ አፈላንና ለሦስት ሰዎች ሸጥን፤ አንዱ ራስ ዲካ፣ አንዱ እዚያው አምቡሊ፣ አንዱ ባልባላ። ከዓመታት በኋላ ደንበኞቹን ስዞር ዛፎቹን አየኋቸው። ሚያዝያ ላይ የባልባላው ራቁቱን ቆሟል፤ አንድ ቅጠል የለውም። የአምቡሊው በቅጠል ተሸፍኖ ይንዠረገጋል። የራስ ዲካው እንደ ማዳም ዛፍ ግማሹ ለብሶ ግማሹ ተራቁቷል። ግንቦት ላይ ስመለስ ያ ራቁቱን የነበረው የባልባላው ዛፍ ቀልቷል! ቅጠል ሳይኖረው፣ ከላይ እስከ ታች አበባ ብቻ! የአምቡሊው ግን በቅጠሉ መሐል ጥቂት አበባ ደብቆ ይቀማጠላል።

ሩጫ ወደ አሚ ሳላህ። «አሚ! ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው! ፀሐዩ አንድ፣ ነፋሱ አንድ! እንዴት ሦስቱ ሦስት ወቅት ያዙ?»

«ሰማዩ ነው አንድ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ዛፍ ወሩን የሚቆጥረው በሥሩ ነው። የአምቡሊው ሥር ውሃ አጥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሠርግ ላይ ነው። የባልባላው ይጠማል። ሲጠማ ቅጠሉን ጥሎ ነፍሱን ያድናል፤ ከዚያ ያለ የሌለውን አበባ ላይ ያውለዋል። የራስ ዲካውን ጨው ግራ አጋብቶታል፤ ውሃው አጠገቡ ነው፣ መጠጣት ግን አይችልም።»

ክረምትና በጋ ሰማይ ላይ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ እግራችን ሥርም ወቅት አለ! ያን ቀን ነው ይሄ ሥራ እንጀራዬ ብቻ መሆኑ የቀረው።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከባልባላ ጀርባ፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ሙሴ ዋይስ የሚባል የጅቡቲ ነጋዴ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ነበረው። ከአገራችን የሚወርዱ ሾፌሮች ጭነት ተራ እስኪደርሳቸው እዚያ ይቆያሉ። ጥላ የለም። ካምሲን የሚሉት፣ በዚያ አገር በጋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ሲነሣ ተሳቢው ሥር ገብተው ይጋደማሉ፤ መሬቱ ከታች፣ ብረቱ ከላይ ያቃጥላቸዋል። አንድ ሰኔ ላይ አንዱ ሾፌር ተሳቢው ሥር እንደተኛ ራሱን ስቶ በስንት ውሃ ነቃ። ሙሴ ዋይስ ደነገጠና አሚ ሳላህን አስጠራቸው። «ዛፍ ትከሉልኝ። ሾፌሮቼ እንዳይሞቱብኝ» አላቸው።

አሚ ሳላህ ድንጋዩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉድጓዱን በዲጂኖ ፈልፍለን ብናወጣው እንኳን ምን አፈር እንሞላበታለን? ይሄን የሰማው ጋሽ ታደሰ፣ የእኔው የሞጆ ልጅ፣ አሮጌ ሾፌር፣ ደረቱን መታ።

«አፈር? አፈር ቸገራችሁ? እኛ እኮ ወደ ወደብ የምንወርደው ባዶአችንን ነው! የሞጆን ጥቁር አፈር በጆንያ በጆንያ አወርድላችኋለሁ። ጤፍ የሚያበቅል አፈር ዛፍ ያቅተዋል?»

እኔማ ዘለልኩ! የአገሬ አፈር! አባቴ ያረሰው መረሬ! ሾፌሮቹ ተራ ገቡ፤ እያንዳንዱ ሲወርድ ጥቂት ጆንያ ይዞ ይመጣል። ጉምሩክ ላይ «ምን ጭነሃል?» ሲባል ጋሽ ታደሰ «አፈር» ብሎ ሲመልስ ፈታሾቹ እንባቸው እስኪወርድ ስቀው አሳለፉት። አሚ ሳላህ አንዱን ጆንያ ፈተው እጃቸውን ነከሩ፤ አሸቱት፤ በጣታቸው አሹት። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ያለ አፈር አይተው አያውቁም። «ያ ሰላም! ይሄ የሚበላ ነው» አሉ። እሳቸውም እንደኔ በፍቅር ወደቁ።

ቦሎቄ ዘራን። ወጣ! እንዲያ ያለ ቦሎቄ በጅቡቲ ታይቶ አይታወቅም፤ ሾፌሮቹ እሸቱን ቀቅለው በሉት። ከዚያ በኋላ ማን ይጠራጠራል? ጉድጓዶቹን በጥቁሩ አፈር ሞልተን የኒምና የድሬዳዋ ዛፍ ችግኞቻችንን ተከልን። በቀዝቃዛው ወቅት ችግኞቹ ወደ ላይ ተወረወሩ! ሙሴ ዋይስ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያዞረ ያሳያል። ጋሽ ታደሰ በሄደበት መናኸሪያ ሁሉ «ጅቡቲ ላይ የሞጆ ጫካ አለን» እያለ ያወራል።

ግንቦት አልፎ ካምሲን ሲነሣ ቅጠሎቹ ከዳር መቃጠል ጀመሩ። ውሃ አነሳቸው ብለን ጨመርን። ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ መኪና ከጉድጓድ የሚቀዳው ጨዋማ ነው፤ የከተማው ዛፍ ሁሉ የሚጠጣው እሱኑ ስለሆነ አላሰብነውም። ባጠጣናቸው ቁጥር ባሰባቸው። ነሐሴ ላይ ግቢው ውስጥ የቆመው ማገዶ ነበር።

ሙሴ ዋይስ መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ሽማግሌ» አላቸው በሶማልኛ፣ ከዚያ እኛም እንድንሰማው ይመስላል በአማርኛ ደገመው፤ «አንተን አምኜ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከዛሬ ጀምሮ ግቢዬን እንዳትረግጥ።» አንድ ነጋዴ አሚ ሳላህን «አንተ» ሲላቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወሬው ከተማውን ዞረ፤ አምቡሊ ደንበኛ ቀረ። ያዘዙትም ሐሳባቸውን ቀየሩ። ያን ስም ለመሥራት ዕድሜ ፈጅቶባቸዋል፤ ለመፍረስ አንድ በጋ በቃው።

እኔ ግን ምን እንደገደላቸው ሳላውቅ መተው አልቻልኩም። ሙሴ ዋይስ የከለከለው እሳቸውን ነው እንጂ እኔን አይደለም። ሄጄ አንዱን የደረቀ ኒም ቆፈርኩት። ጥቁሩ አፈር ደርቆ ዲጂኖውን ይመልሳል። ፈልፍዬ ስገለብጠው ሥሩ አንዲት ጣት እንኳን ወደ ድንጋዩ አልወጣም፤ በጥቁሩ አፈር ውስጥ ዙሪያውን ሲዞር፣ ራሱን ሲጠመጥም ኖሯል። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ምላሴ ላይ አደረግኩት፤ ጨው ነው!

አንዱን ጓል ይዤ አምቡሊ ሄድኩና እፊታቸው አስቀመጥኩት። አሚ ሳላህ ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት።

«አፈሩ ጥፋት የለበትም» አሉ በመጨረሻ። «አገሩ ላይ ከሰማይ ጣፋጭ ውሃ ይወርድለታል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይታጠባል። እኛ ድንጋይ ድስት ውስጥ ከተትነውና ጨው ውሃ አጠጣነው። እሱ ደግሞ የያዘውን አይለቅም። ቦሎቄውም አልዋሸንም ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ያን ቀን አፈሩ ንጹሕ ነበር። ጨዉን ያመጣነው እኛ ነን።»

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይላል ያገሬ ሰው፤ ይሄን ተረት እያወቅሁ ነበር ጆንያ ስፈታ የከረምኩት። አለቀስኩ፤ ምን ልደብቅ? የአባቴ አፈር ነው ዛፉን የገደለው። አሚ ሳላህ እስክጨርስ ጠብቀው «አሁን የባልባላውን የድሬዳዋ ዛፍ አስቢ» አሉኝ። «እሱ ማን አፈር አመጣለት?»

ብድግ አልኩ! እውነት ነው! ማንም አላመጣለትም። ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ራሱ ነው መንገድ ያበጀው፤ ውሃ በድንጋዩ መሐል ሲያልፍ ጨዉን ይዞ ይሄዳል። ማታውኑ ጋሽ ታደሰን ይዤ ሙሴ ዋይስ ዘንድ ሄድኩ። ታደሰ «እኛው ነን ያጠፋነው፤ አፈሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብሎ ለመነልኝ። ሙሴ ዋይስ «ለመጨረሻ ጊዜ። ይሄም ከሞተ ግቢውን ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ። ሽማግሌው ግን አይምጣ» አለ።

ቆርቆሮ ከሥሩ ለሚቀመጥ ሰው ምድጃ ነው። አሚ ሳላህም ስማቸው የሚነሣ ከሆነ የሚነሣው እዚያው በወደቀበት ቦታ ነው፤ በሌላ በየት?

እሳቸው አምቡሊ ሆነው እየነገሩኝ እኔ ባልባላ ሠራሁ። መጀመሪያ የየጉድጓዱን ወለል በዲጂኖ ሰነጣጠቅነው፤ ያፈሰስንበት ውሃ ዓይናችን እያየ ሰርጎ እስኪጠፋ አላቆምንም። ከዚያ ከጉድጓዱ የወጣውን ያንኑ ድንጋይ ሰባብረን፣ ከአምቡሊ ደለልና ከፍየል ፍግ ጋር ቀላቅለን መልሰን ሞላነው። ሾፌሮቹ «እትዬ አስካለ ድንጋይ ቆፍራ ድንጋይ ትቀብራለች!» እያሉ ይሥቁብኛል። ይሣቁ! ኅዳር ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ተከልን። ውሃ በየቀኑ ጠብ ማድረጉን ትተን፣ አልፎ አልፎ፣ ግን በደንብ፣ ጨዉን ወደ ታች እስኪነዳው ማጠጣት ጀመርን። በመሐሉ ይጠማሉ፤ ይጠሙ፣ ሥራቸው ውሃ ፍለጋ ይውረድ። ችግኝ ሲጠማ እያዩ ዝም ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

በሞጆው አፈር እንደተተከሉት አልተወረወሩም። ቀስ አሉ። የመጀመሪያውን ካምሲን ግን አለፉት፤ ሁለተኛውንም። ዓመታት አለፉ፣ ኒሞቹ ከተሳቢው በላይ ሆኑ።

አንድ ሚያዝያ ላይ ጋሽ ታደሰ እያለከለከ አምቡሊ ደረሰ። «ድረሽ! ሙሴ ዋይስ መጥረቢያ ይዞ ሰው አምጥቷል!» በሚኒባስ በረርኩ። ስደርስ የድሬዳዋ ዛፎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጠላቸውን በሙሉ አራግፈው ራቁታቸውን ቆመዋል። ሙሴ ዋይስ አንዱን በእጁ እየመታ «ደግሞ ሞተ! ኻላስ! ሁለተኛ መሳቂያ አልሆንም!» ይላል። ባለመጥረቢያው እጅጌውን ሰብስቧል።

በዛፉና በመጥረቢያው መሐል ገባሁ። «ሙሴ ዋይስ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ ወሩ ይሄ ነው! ተጠምቶ ነው የጣለው፣ ሞቶ አይደለም!»

«ኒሙ ለምን ለምለም ሆነ ታዲያ?»

«ኒሙ አራግፎ ለብሷል፤ የካቲት ላይ ሲያራግፍ አላየኸውም። ይሄኛው ዘግይቶ ነው የሚያራግፈው። እዚህ እይ!» በጥፍሬ ቅርፊቱን ፋቅሁት። ከሥሩ አረንጓዴ፣ እርጥብ! እጁን ያዝኩና ጣቱን አስነካሁት። ሙሴ ዋይስ ጣቱን አየ፣ ዛፉን አየ፣ እኔን አየ። ሾፌሮቹ ከብበውናል። «እስከ ሰኔ» አለና ሄደ።

እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። ልክ መሆኔን አውቃለሁ፤ ዛፉ ግን እኔ ስላወቅሁ አያብብም። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ከሚኒባሱ ስወርድ ከአጥሩ በላይ ቀይ ታየኝ። እሪ አልኩ፤ መንገደኛው አደጋ የደረሰ መስሎት ተሰበሰበ። አብበዋል! ሁሉም! ወዲያው ቅጠሉ ተከትሎ ወጣ፤ ካምሲን ሲነሣ ግቢው ጥላ በጥላ ሆነ። ሙሴ ዋይስ ደወለልኝ። ዘወር ያለ ነገር ሲናገር ቆየና «ሽማግሌው ደህና ናቸው?» አለኝ። ያን ቀን «አንተ» ያላቸው ሰው ዛሬ «ናቸው» ሲል ሁሉም ገባኝ። «መኪና ልላክ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ሆቴል ውስጥ የአትክልት ኃላፊ ሆኛለሁ፣ የአፈር ጨው በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ይዤ ዞሬያለሁ፣ እሱንም በጣም ወድጄዋለሁ። የሥራ ዘመኔን ሳስብ ግን የማየው ያን የሰኔ ቀትር ነው። አሚ ሳላህ በሙሴ ዋይስ መኪና መጡ። ሙሴ ዋይስ ራሱ በር ከፍቶ ክንዳቸውን ይዞ አገባቸው። ከትልቁ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ግንዱን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። እኔም አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ገና ከመንገድ የገባ፣ ማንነታቸውን የማያውቅ አንድ ሾፌር ላቡን እየጠረገ መጣና በአክብሮት ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ ጥላው ሞልቷል» አላቸው።

አሚ ሳላህ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ምንጣፉን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሉለት።